በደጋፊ ቢላዋ የተቆረጠው ሪከርድ

ኳስ ወዳድ ክርክር ሲያጥርበት የሚመዛት አንድ ካርድ አለች፤ «ስንት ዋንጫ አለው?» የምትል። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብላችሁ የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊ ሲፋጠጥ ሰምታችኋል። አንዱ ስለ ጨዋታ ውበት ያወራል፣ ሌላው ቁጥር ይደረድራል። መጨረሻ ላይ ቁጥር የደረደረው «ቁጥር አይዋሽም!» ብሎ ማኪያቶውን ፉት ይላል። ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

እውነት ነው፣ ቁጥር አይዋሽም። ግን ቁጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ዋንጫው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ አይነግራችሁም።

ዛሬ አንባቢዎቻችን ይፍቀዱልንና ከኳሱ ወጣ ብለን ስለ አንዲት የቴኒስ ተጫዋች ሪከርድ እናወራለን። «ቴኒስ ደግሞ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን። ጉዳዩ የደጋፊ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የእናንተም የእኛም ነው።

ሰንጠረዡ ምን ይላል?

በቴኒስ ትልቁ መለኪያ ግራንድ ስላም የሚባሉት አራት ውድድሮች ናቸው፤ አውስትራሊያ ኦፕን፣ ፍሬንች ኦፕን፣ ዊምብልደን እና ዩኤስ ኦፕን። የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ በዓመት አራት ጊዜ ሲመጣ አስቡት። በሴቶች ነጠላ ማርጋሬት ኮርት 24፣ ሴሬና ዊሊያምስ 23፣ ስቴፊ ግራፍ 22 ግራንድ ስላም አላቸው። ክሪስ ኤቨርት እና ማርቲና ናቭራቲሎቫ እያንዳንዳቸው 18 አላቸው። ዓይናችሁን ወደ ታች እያወረዳችሁ ስትሄዱ 9 ላይ ሞኒካ ሴሌስን ታገኛላችሁ።

ዘጠኝ ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም። አንዱን ሳያገኙ ጡረታ የወጡ ስንትና ስንት ጎበዞች አሉ። ግን እነዚህን ዘጠኝ ዋንጫዎች በየዓመታቸው ስትበትኗቸው ዓይን የሚያፈጥ ነገር ታያላችሁ። ስምንቱን የወሰደችው ገና 20 ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ እ.ኤ.አ 2003 ድረስ ሜዳ ላይ ነበረች፤ የጨመረችው ግን አንድ ብቻ ነው። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ሦስት ዓመት አለ። ሰንጠረዡ ስለ ሦስቱ ዓመት አንድ ቃል አይልም። እኛ እንበል።

ከመኪና ማቆሚያ እስከ ፓሪስ

ሴሌስ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 2 ቀን 1973 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ ኖቪ ሳድ በምትባል ከተማ ከሀንጋሪ ዘር ከሆነ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ካርቱን ሰዓሊ ነበር። ሜዳ እንደልብ አይገኝምና መኪና ማቆሚያ ላይ በመኪኖች መሀል ገመድ እየወጠረ፣ ያንን መረብ ነው እያለ አለማመዳት። ልጅቷ እንዳትሰለች ደግሞ ኳሶቹ ላይ የካርቱን ምስል ይስልላት ነበር። ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ጎል ብሎ የተጫወተ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይሄ ነገር ሳይነገረው ይገባዋል። ከመጀመሪያ አሰልጣኞቿ አንዷ የለና ጌንቺች ነበረች፤ ከዓመታት በኋላ ትንሹን ኖቫክ ጆኮቪችን ያሰለጠነችው ሴት ማለት ነች።

በ1985 ማያሚ ላይ በሚካሄደው የታዳጊዎች ውድድር ስታሸንፍ ኒክ ቦሌቲየሪ የተባለው ታዋቂ አሰልጣኝ ዓይኑን ጣለባት። በዓመቱ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው አካዳሚው ወሰዳት። በ1989 ፕሮፌሽናል ሆና በዚያው ዓመት ሂዩስተን ላይ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስታነሳ በፍጻሜ ያሸነፈችው ማንን መሰላችሁ? ክሪስ ኤቨርትን! ያኔ ሴሌስ 15 ዓመቷ ነው።

አመታቷ ለየት ይላል። ግራኝ ናት፤ ግን በቀኝም በግራም በኩል ራኬቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው የምትመታው። ኳሱ ገና ከመሬት ሲነሳ ትቀድመዋለች። ተጋጣሚዋ ቦታ ሳትይዝ ኳሱ በአጠገቧ ያልፋል። ስትመታ የምታሰማው ጩኸት ደግሞ አለ፤ ገንዳ የሚሰነጥቅ ሰው ይመስል!

በ1990 ፍሬንች ኦፕን ፍጻሜ ላይ ከስቴፊ ግራፍ ጋር ተገናኘች። ግራፍ ያኔ ማለት ማንም የማይነካት ንግሥት ነች፤ በ1988 አራቱንም ግራንድ ስላምና የሴኡል ኦሎምፒክ ወርቅን በአንድ ዓመት የጠቀለለች። የ16 ዓመቷ ልጅ የመጀመሪያው ዙር መለያ ላይ 6 ለ 2 ስትመራ ቆይታ ተነስታ አሸነፈች፤ ሁለተኛውን 6 ለ 4 ደገመች። የፍሬንች ኦፕን በዕድሜ ትንሿ ሻምፒዮን ሆነች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዕብደት ያህል ነው። በ1991 አውስትራሊያን፣ ፓሪስን፣ ኒው ዮርክን ወሰደች። በ1992 ያንኑ ሦስቱን ደገመች። በጃንዋሪ 1993 አውስትራሊያ ላይ ግራፍን 4 ለ 6፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 አሸንፋ ስምንተኛውን አነሳች። ከ1991 መጀመሪያ እስከዚያ ቀን በግራንድ ስላም ሜዳ 55 ጨዋታ አሸንፋ የተሸነፈችው አንድ ብቻ ነው። እሱም የ1992 የዊምብልደን ፍጻሜ ነው። በዚያ ውድድር ተጋጣሚዎቿ «ጩኸቷ በዛ» ብለው ከሰሷት፤ በፍጻሜው አፏን ዘግታ ተጫወተችና በግራፍ 6 ለ 2፣ 6 ለ 1 ተረታች።

አንድ ስሌት እንጨምር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ከ1990 ፍሬንች ኦፕን እስከ 1993 አውስትራሊያ ኦፕን 12 ግራንድ ስላሞች ተካሂደዋል። ከ12ቱ ሴሌስ 8 ወሰደች። ግራፍ 2 ወሰደች። የቀሩትን ሁለቱን ናቭራቲሎቫና ጋብሬላ ሳባቲኒ ተካፈሉ። ጊዜው የማን እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሀምቡርግ

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ዕለቱ ዓርብ ነው። ሀምቡርግ፣ ሩብ ፍጻሜ። ሴሌስ ቡልጋሪያዊቷን ማግዳሌና ማሌቫን 6 ለ 4፣ 4 ለ 3 እየመራች ነው። ሜዳ ለመቀያየር እረፍት ሆነ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ባለችበት አንድ የ38 ዓመት ሰው ከተመልካች መሀል ወጥቶ፣ አጥር ተደግፎ፣ በስጋ ቢላዋ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ወጋት። ቁስሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ነበረው። ትንሽ ፈንጠር ቢል አከርካሪዋ ነበር። ጥበቃዎች ያዙት።

ሰውየው ማን ነው? የማፊያ ሰው ነው? ገንዘብ ተከፍሎት ነው? ያኔ ዩጎዝላቪያ በጦርነት እየነደደች ስለነበር ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው ፖለቲካ ነው። አይደለም። ሰውየው ደጋፊ ነው። የስቴፊ ግራፍ ደጋፊ! ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የተናገረው ግልጽ ነው፤ ሴሌስን ከሜዳ አውጥቶ ግራፍ ወደ ቁጥር አንድነቷ እንድትመለስ ፈልጎ ነው። በቃ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ተከታተሉን። በጁን 1993 ግራፍ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነች። የዚያን ዓመት ፍሬንች ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን፣ የ1994ን አውስትራሊያ ኦፕንም አከታትላ ወሰደች። ሴሌስ በሌለችባቸው 10 ግራንድ ስላሞች ስድስቱን ግራፍ አሸነፈች። ሰውየውስ? ፍርድ ቤቱ የአእምሮ ሁኔታው የተዛባ ነው ብሎ ሁለት ዓመት እስራት በገደብ ፈረደበት። በገደብ ማለት ከችሎት ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። በ1995 ጉዳዩ በድጋሚ ሲታይም ቅጣቱ አልተለወጠም። ሴሌስ ከዚያ በኋላ ጀርመን ውስጥ አንድም ጨዋታ አልተጫወተችም። ማን ይፈርድባታል?

ሰውየው አንድ ነገር አቀደ፣ አደረገው፣ ያቀደው ተሳካለት፣ ቤቱ ገባ። በስፖርት ታሪክ ውስጥ ደጋፊ ውጤት የወሰነበት ጨዋታ ፈልጉ ብትባሉ ከዚህ የባሰ የምታገኙ አይመስለንም።

የሮሙ ድምፅ

ነገሩን የሚያመው ግን ቢላዋው ብቻ አይደለም። ሴሌስ ከተወጋች ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮም ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ተጫዋቾች ተሰብስበው አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። «ሴሌስ እስክትመለስ ቁጥር አንድነቷ ይጠበቅላት ወይስ አይጠበቅላት?» ድምፅ ሰጡ፤ አይጠበቅላት አሉ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው ጋብሬላ ሳባቲኒ ብቻ ነበረች።

የእነሱንም ወገን እንስማ። ደረጃ ማለት ዝም ብሎ ክብር አይደለም፤ በውድድር ድልድል ላይ ማን ከማን እንደሚገናኝ ይወስናል፣ ከስፖንሰር የሚገኝ ገንዘብ አለበት። መቼ እንደምትመለስ የማይታወቅ ተጫዋች ስም ላይ ወንበር አስቀምጦ መጠበቅ ለሌላው ይከብዳል። ጉልበት የተሰበረ ሁሉ ደረጃዬ ይጠበቅልኝ ቢል ሰንጠረዡ ትርጉም ያጣል። ይሄ ሁሉ ያስኬዳል።

ነገር ግን ሴሌስ ጉልበቷ አልተሰበረም። ወለምታም አልገጠማትም። የተወጋችው ቁጥር አንድ ስለሆነች ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው ለዚያ ወንበር ተብሎ ነው። ወንበሩን ሲቀይሩት ሳያውቁት የወንጀለኛውን ማመልከቻ ፈረሙለት። ይህ ገጽ ያኔም ቢኖር ኖሮ ተሳስታችኋል ይላቸው ነበር። ለዚህም ማስረጃችን የራሳቸው ማኅበር ነው። በ1995 ሴሌስ ስትመለስ ከግራፍ ጋር በጣምራ ቁጥር አንድ ተደርጋ ተመዘገበች። በ1995 ይቻል የነበረ ነገር በ1993 ለምን አይቻልም ነበር?

ጉዳዩ በሌላ መልክ ቆይቶም መጥቷል። ሴሬና ዊሊያምስ ወልዳ በ2018 ፍሬንች ኦፕን ላይ ስትመለስ ከዓመት በፊት ቁጥር አንድ የነበረችው ሴት ያለ ቅድመ ድልድል ነው የገባችው። ጫጫታው ከበዛ በኋላ የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ከወሊድ የሚመለሱ ተጫዋቾችን የሚጠብቅ ደንብ አሻሽሎ አወጣ። እንግዲህ አያችሁ፣ ደንብ ሰው የሚሠራው ነገር ነው፤ ከፈለጉ ይሻሻላል።

መመለሷ

ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ዳነ። ልቧ ግን አልዳነም። በዚያው ዓመት አባቷ ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ መቀመጥ የምትፈራ ልጅ፣ ሥራዋ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከጀርባዋ ባለበት መቀመጥ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ራቀች። ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ከምግብ ጋር ስላደረገችው ትግል ቆይታ ራሷ በመጽሐፍ ተናግራለች።

በኦገስት 1995 ቶሮንቶ ላይ ተመለሰችና የመጀመሪያ ውድድሯን ዋንጫ በላች! በፍጻሜ አማንዳ ኩትዘርን 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 አሸነፈቻት። ከዚያ ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች፤ በግራፍ በሦስት ዙር ተሸነፈች። በጃንዋሪ 1996 አውስትራሊያ ላይ አንኬ ሁበርን 6 ለ 4፣ 6 ለ 1 ረትታ ዘጠነኛውን አነሳች። እሱም የመጨረሻዋ ሆነ።

በሜይ 1998 አባቷ አረፈ። ያ በመኪኖች መሀል ገመድ የወጠረው አባት። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ፓሪስ ላይ ወጣች፣ በግማሽ ፍጻሜ ማርቲና ሂንጊስን አሸንፋ ፍጻሜ ደረሰች፤ አራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮ አስቆመቻት። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ ነሐስ አገኘች። በ2003 ፓሪስ የመጨረሻ ጨዋታዋን አደረገች፣ በ2008 በይፋ ተሰናበተች። ጠቅላላ ሲደመር 53 ዋንጫ፣ 595 ድል፣ 122 ሽንፈት፣ 178 ሳምንት በቁጥር አንድነት። ከ53ቱ ዋንጫዎች 32ቱ ከሀምቡርግ በፊት የመጡ ናቸው።

የእግር ኳስ ሰው ይህን ለመረዳት ማርኮ ቫን ባስተንን ያስታውስ። ሦስት ጊዜ ባሎን ዶር የወሰደው ሆላንዳዊ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ከሀምቡርጉ ቀን አንድ ወር ሳይሞላ፣ እዚያው ጀርመን፣ ሙኒክ ላይ በሜይ 26 ቀን 1993 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። 28 ዓመቱ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አስቆመው። እስከ ዛሬ «ያ እግር ጤነኛ ቢሆን ኖሮ» ብለን እንቆጫለን። ቫን ባስተንን ያስቆመው ግን የኳስ ሜዳ ጉዳት ነው፤ የሙያው አደጋ ነው። ሴሌስን ያስቆማት ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ነው።

ግራፍን እንውቀስ?

አንዳንዱ ወዲያው «ስለዚህ የግራፍ 22 ዋንጫ ውሸት ነው» ይላል። ይህንን አንቀበልም። ግራፍ ማንንም አልላከችም፤ ሆስፒታል ሄዳ ሴሌስን ጠይቃታለች። ከፊቷ የቆመውን ሁሉ አሸንፋ ነው የወሰደችው። ደግሞም ሴሌስ ከተመለሰች በኋላ የ1995ንና የ1996ን ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ያሸነፈችው ራሷን ሴሌስን ገጥማ ነው። በግራንድ ስላም ፍጻሜ ስድስት ጊዜ ተገናኝተው 3 ለ 3 ናቸው።

ግን እዩት፣ ከ22ቱ 11ዱ ከሀምቡርግ በፊት፣ 11ዱ ከሀምቡርግ በኋላ ናቸው። እኩል ለእኩል! የኋለኞቹ 11 ሲነሱ በደጋፊ ነን ባይ ሰው ምክንያት ጥያቄ ይከተላቸዋል። ሰውየው የሚወዳትን ተጫዋች የጠቀማት መስሎት ሪከርዷ ላይ ጥላ ጣለባት። ግራፍ ሴሌስን በ1993 ዊምብልደን፣ በ1994 ፓሪስ እየገጠመች የማሸነፍ ዕድሏን ተቀማች። ማን ያውቃል፣ ታሸንፋት ነበር ይሆናል። አላየነውም። ሁለቱንም ነው የወጋቸው።

ለሴሌስም ያልተጫወተችውን ዋንጫ ቆጥረን አንሰጣትም። «15 ይሆን ነበር፣ 20 ይሆን ነበር» የሚለው የቡና ወሬ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ 9 ሲባል 1993 አብሮ ይባል።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። «እኛ ቢላዋ ይዘን ስታዲየም አንገባም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ድንጋይና የውሃ ጠርሙስ ሜዳ ሲገባ በዓይናችን አይተናል። ተጫዋች በእናቱ ሲሰደብ፣ ዳኛ በፖሊስ ተከቦ ሲወጣ አይተናል። ኮሎምቢያዊው አንድሬስ ኤስኮባር በ1994 የዓለም ዋንጫ በራሱ ጎል ላይ ኳስ አግብቶ፣ አገሩ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥይት እንደተገደለ የማያውቅ ኳስ ወዳድ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ከሰማይ አይወርድም፤ ከስድብ ይጀምራል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ከስድብም በፊት ይጀምራል። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ ደጋፊ ነው። የተቃራኒ ቡድን ኮከብ ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ፣ ቃሬዛ ሲገባ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲያጨበጭብ አብሬ ያጨበጨብኩበት ቀን አለ። «ተገላገልነው!» ብያለሁ። ስለ ሀምቡርግ ሳነብ ያ ጭብጨባ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ሰውየው ያሰበውና እኔ ያሰብኩት አንድ ዓይነት ነበር፤ ያኛው ይውጣልኝ፣ የእኔ ያሸንፍ። ልዩነቱ እሱ ቢላዋ መያዙ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አይካድም። ግን መነሻው አንድ መሆኑ ያስፈራል።

ደጋፊነት ማለት የራስን ከፍ ማድረግ እንጂ የሌላውን ማጥፋት አይደለም። ተጋጣሚህ ሲጎድል ድልህም ይጎድላል። ግራፍ ያለ ሴሌስ ያሸነፈቻቸው ዋንጫዎች ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያከራክራሉ። የተቀናቃኝ ቡድን ኮከብ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ እያለ ያሸነፍከው ጨዋታ ግን የማንም አፍ አይነካውም።

ስለዚህ የዚህ ገጽ አቋም አጭር ነው። ስፖርቱን የሚመሩ ሰዎች በወንጀል የተጎዳን ተጫዋች ቦታ መጠበቅ ግዴታቸው ይሁን፤ ወንጀለኛ ያሰበው በደንብ ስም እንዳይፈጸምለት። ክለቦቻችንና የደጋፊ ማኅበራት ድንጋይ የሚወረውረውን «ስሜታዊ ሆኖ ነው» እያሉ መሸፋፈኑን ይተዉ። እኛ ደጋፊዎች ደግሞ ከትንሿ እንጀምር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተቃራኒው ቡድን አጥቂ በቃሬዛ ሲወጣ ካጨበጨብን፣ በቶሎ ተሽሎት እንዲመለስ እናጨብጭብ።

ሲመለስ እናሸንፈዋለን።